ሁሉም በሚተዋወቅበት መንደር ልጆችን ማን ይጠብቃል?

የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። ከከባዱ የእንጨት በር ፊት ጣሪያ ያላት ትንሽ መግቢያ አለች። ግድግዳዋ ወረቀት በወረቀት ነው። የአበባ ተራ የማን እንደሆነ፣ የኬክ ሽያጩ መቼ እንደሆነ፣ ለጣሪያው ጥገና ስንት ፓውንድ እንደጎደለ ተለጥፏል። ከመሀል አንዲት ሌላ ወረቀት አለች። የአንድ ሰው ስምና ስልክ ተጽፎባታል። መልእክቷም አጭር ነው፦ ስለ አንድ ልጅ ወይም አዋቂ ደህንነት የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ ወደዚህ ሰው ደውሉ።

ብዙ ሰው ያቺን ወረቀት ሳያያት ያልፋል። ነገር ግን ካለፉት ዓመታት ትልልቅ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ዜናዎች ብዙዎቹ መነሻቸው እሷ የምትለው ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 2024 የቤተ ክርስቲያኗ ዋና መንፈሳዊ መሪ የነበሩት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ ሲያስታውቁ ምክንያቱ የዶግማ ክርክር አልነበረም። የገንዘብ ጉድለትም አልነበረም። ስለ አንድ ሰው የቀረበ ከባድ ክስ እስከ ላይ ድረስ ታውቆ ሳለ እንደሚገባው አለመከታተሉ ነው።

ነገሩን ከካንተርበሪ ከመጀመር ከመንደር መጀመር ይሻላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አጥቢያዋን የሚመራት ማን ነው?

አደረጃጀቱ ለእኛ ብዙም እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን 42 አህጉረ ስብከት አሏት። ከሥራቸው 12,500 ገደማ አጥቢያዎች አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሕንፃዎቹ ደግሞ 16,000 ይጠጋሉ፤ ከግማሽ በላዩም ገጠር ነው ያለው። ኖርፎክ በሚባለው አውራጃ ብቻ ከመካከለኛው ዘመን የቆዩ ከ600 በላይ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። አንዳንዶቹ አጠገባቸው ቤት እንኳ የለም። ስንዴ መሀል ብቻቸውን ቆመዋል።

አጥቢያዋ ቄስ አላት፤ ቪካር ወይም ሬክተር ይባላል። ሴትም ልትሆን ትችላለች። ከቄሱ ጋር አብሮ የሚሠራ፣ የኛን ሰበካ ጉባኤ የሚመስል ምክር ቤት አለ። ገንዘቡና ሕንፃው የሱ ኃላፊነት ነው። ቀጥሎ "ቸርችዋርደን" የሚባሉ ሁለት ሰዎች አሉ። ቁልፉም ንዋየ ቅድሳቱም በእነሱ እጅ ነው። ክህነት የላቸውም እንጂ ገበዝ ብንላቸው አያስኬደንም አይባልም።

እነዚህን ገበዞች ለመምረጥ አማኝ መሆን አያስፈልግም። በአጥቢያዋ ክልል የሚኖርና በመንግሥት የመራጮች መዝገብ ላይ የሰፈረ ሁሉ ድምፅ መስጠት ይችላል። እዚያ አገር አጥቢያ ማለት የምእመናን ማኅበር ብቻ አይደለም። መሬቱ ራሱ አጥቢያ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ወረቀቷ ላይ ስሙ ያለው ሰው ደግሞ የአጥቢያዋ የሴፍጋርዲንግ፣ ማለትም ሰውን ከጉዳት የመጠበቅ፣ ኃላፊ ነው። ብዙ ጊዜ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ወይም ነርስ ትሆናለች። ደመወዝ የላትም። የሚሾማት ሰበካ ጉባኤው ነው። ቄሱ ራሱ ይህን ሥራ ደርቦ እንዳይዝ፣ የቄሱ የቅርብ ዘመድም እንዳይሆን ይመከራል። ለምን እንደሆነ ወደታች ስንወርድ ግልጽ ይሆናል።

እሑድ ጠዋት ምን ይደረጋል?

በገጠር "አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ቄስ" የሚባለው ነገር ካበቃ ቆይቷል። አንዱ ቄስ አምስት ስድስት መንደር ይይዛል። ጠዋት አንዱ ጋ ቀድሶ፣ ካባውን መኪናው ኋላ ወርውሮ፣ በጠባቡ የገጠር መንገድ ወደሚቀጥለው ይከንፋል። ቀድሞ በየአጥቢያው በየእሑዱ ጸሎት እንዲኖር ሕጉ ያስገድድ ነበር። በ2019 ሲኖዶሱ ግዴታውን አላላው። ስለዚህ ብዙ መንደር ተራው የሚደርሰው በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ነው።

ቁርባን ካለ ቄስ የግድ ነው። ከሌለ ግን የጠዋት ጸሎቱን ፈቃድ ያለው ምእመን ሊመራው ይችላል። አንዳንዱ መንደር ከ1662ቱ የጸሎት መጽሐፍ ንቅንቅ አይልም። ቋንቋው ለእነሱ እንደ ግእዝ የራቀ አይደለም፤ ይልቅ አያቶቻችን ይናገሩት እንደነበረው አማርኛ ነው፤ ይገባል፣ ግን ማንም በዚያ አይነጋገርም። ሌላው በ2000 የወጣውን አዲሱን ሥርዓት ይከተላል። የሚመጣው አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰው ነው። አብዛኛው ፀጉሩ የሸበተ ነው። ሁለት ሦስት ልጆች ካሉ፣ ስብከቱ ሲጀመር ወደ ጎን ክፍል ሄደው ሥዕል ይቀባሉ። መጨረሻ ላይ ሻይና ብስኩት አለ።

አሁን ይህንኑ ሰላማዊ ጠዋት በሌላ ዓይን እንየው። ልጆቹን ወደ ጎን ክፍል የወሰዳቸው ማን ነው? ብቻውን ነው ወይስ ሌላ አዋቂ አለ? የክፍሉ በር መስታወት አለው? ልጆች መዘምራን ልብስ የሚቀይሩት የት ነው? ከቤት መውጣት ለማይችሉት አሮጊት ቁርባን የሚያደርሰው ሰው፣ እግረ መንገዱን የባንክ ካርዳቸውን ይዞ ገበያ ይወጣላቸዋል ወይ?

ሰው ይህን ሲሰማ ይከፋዋል። "እኔን ጠርጥራችሁ ነው?" ይላል። እስቲ ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት አስቡ። ሁለት ሦስት ሰው ቆሞ ነው የሚቆጠረው። ቆጣሪው ሌባ ነው ተብሎ አይደለም። ገንዘቡ እንዳይጎድል ነው። ቆጣሪውም በከንቱ እንዳይታማ ነው። የሴፍጋርዲንግ ደንብ ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። ልዩነቱ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሳንቲም ሳይሆን ልጅ መሆኑ ነው።

ለመሆኑ ሴፍጋርዲንግ ምንድን ነው?

እንግሊዝ አገር ኬር ሆም፣ ሕፃናት መዋያ ወይም ትምህርት ቤት የሚሠራ ሐበሻ ቃሉን በደንብ ያውቀዋል። ኮርሱን ወስዶ ሰርተፊኬቱን ፋይል ውስጥ ያስቀመጠ ብዙ ነው። በቀላል አማርኛ፣ ሰው እንዳይጎዳ አስቀድሞ መከላከልና፣ ተጎድቶ ከተገኘም በትክክለኛው መንገድ ምላሽ መስጠት ነው።

ልጅ የሚባለው 18 ዓመት ያልሞላው ሁሉ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ከአሥር ወርም ልጅ ነው። ከልጆች ሌላ በዕድሜ፣ በሕመም፣ በአእምሮ ሁኔታ ወይም በደረሰባቸው ችግር ምክንያት ራሳቸውን መከላከል የሚከብዳቸው አዋቂዎችም በዚሁ ውስጥ ይገባሉ። ጉዳት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወሲባዊ ጥቃትን ብቻ ነው። ድብደባም አለ፣ ቸልተኝነትም አለ፣ የአዛውንትን ገንዘብ መብላትም አለ። "እግዚአብሔር እንዲህ እንድታደርግ ነግሮኛል" እያሉ ሰውን በሃይማኖት ስም ማንበርከክም አለ። ይህን የመጨረሻውን መንፈሳዊ ጥቃት ይሉታል።

አንድ ሕግ እዚህ ላይ ሊታወቅ ይገባል። እንግሊዝ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ሰው በሕግ ፊት ለወሲብ ፈቃዱን መስጠት ይችላል። ከ2022 ጀምሮ ግን የሃይማኖት መሪ ወይም የስፖርት አሠልጣኝ የሆነ ሰው በኃላፊነቱ ሥር ካለ የ16 ወይም የ17 ዓመት ወጣት ጋር እንዲህ ያለ ግንኙነት ካደረገ ወንጀለኛ ነው። "ተስማምታ ነው" አያድነውም። አስተማሪዎች ላይ ይህ ሕግ ከድሮም ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ይህ ሁሉ ደንብ ከየት መጣ?

በአጭሩ ከውርደት ነው የመጣው።

ፒተር ቦል የሚባሉ ጳጳስ ነበሩ። በ1993 በአንድ ወጣት ላይ በፈጸሙት ድርጊት ፖሊስ ማስጠንቀቂያ ብቻ ሰጥቶ ለቀቃቸው። ከጵጵስና መንበራቸው ወረዱ። በኋላ ግን እንደገና በቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግሉ ተፈቀደላቸው። ፍርድ ቤት የቀረቡት ከ22 ዓመት በኋላ ነው። በ2015 ጥፋታቸውን አምነው 32 ወር ተፈረደባቸው። በ2017 የወጣው የምርመራ ሪፖርት የቤተ ክርስቲያኗ ታላላቆች ለጳጳሱ ስም ተጨንቀው የተጎጂዎቹን ድምፅ ወደ ጎን እንዳደረጉት አሳየ።

ከዚያ መንግሥት ያቋቋመው ገለልተኛ የሕፃናት ጥቃት አጣሪ ቡድን መጣ። በ2020 ስለ እንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሪፖርት ከ1940ዎቹ እስከ 2018 ድረስ 390 ካህናትና ሌሎች በኃላፊነት ላይ የነበሩ ሰዎች በልጆች ላይ በፈጸሙት ወሲባዊ ወንጀል እንደተፈረደባቸው ገለጸ። ይህ ቁጥር የተፈረደባቸው ብቻ ነው።

ጀስቲን ዌልቢን ከመንበር ያወረደው ደግሞ የጆን ስማይዝ ጉዳይ ነው። ስማይዝ ቄስ አልነበረም። ስመ ጥር ጠበቃና የክርስቲያን ወጣቶች የበጋ ካምፕ መሪ ነበር። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ መጀመሪያ ልጆቹን "ከኃጢአት ለማንጻት" እያለ በቤቱ ጓሮ ባለ ጎጆ ውስጥ ደም እስኪፈስ ይገርፋቸው ነበር። በ1982 ጥቂት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አጣርተው ነገሩን በጽሑፍ ሳይቀር አውቀውት ነበር። ለፖሊስ ግን አልነገሩም። ስማይዝ ወደ ዚምባብዌ ሄደ። እዚያም ካምፕ ከፈተ፣ እዚያም ገረፈ። ኋላ ደቡብ አፍሪካ ገባ። በ2018 ለፍርድ ሳይቀርብ ኬፕታውን ውስጥ ሞተ። ተጎጂዎቹ ከ100 በላይ ናቸው። በኖቬምበር 2024 የወጣው ሪፖርት፣ ጉዳዩ በ2013 እስከ ሊቀ ጳጳሱ ድረስ ደርሶ እንደነበርና ያኔ በአግባቡ ለፖሊስ ቀርቦ ቢሆን ሰውየው በሕይወት ሳለ ሊጠየቅ ይችል እንደነበር አስታወቀ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግርፋቱ አይደለም። "አገር ይልቀቅ እንጂ ነገሩ አይውጣ" የሚለው ስምምነት ነው። ይህ ስምምነት የእንግሊዞች ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ገጠር ላይ ለምን ይከብዳል?

እኛ ለዚህ ቃል አለን፤ ገበና እንለዋለን። የቤት ገበና አይወጣም። "ሆድ ይፍጀው" ይባላል። ሲብስም ሽማግሌ ይገባል፤ ይቅርታ ይጠየቃል፤ ነገሩ ይቀበራል። የእንግሊዝ ገጠር ለዚህ የሚሆን ስም ባይኖረውም ጠባዩ ያው ነው።

ለምሳሌ ኦርጋን የሚመታው ሰውዬ 40 ዓመት አገልግሏል። የገበዟ ባል ነው። የመንደሩን ልጆች ግማሹን ፒያኖ አስተምሯል። የሴፍጋርዲንግ ኃላፊዋ ደግሞ የገበዟ የልብ ወዳጅ ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ሻይ አብረው ይጠጣሉ። አሁን አንዲት እናት መጥታ "ልጄ እሱ ጋ መሄድ አልፈልግም አለኝ" ብትል ምን ይሆናል? ለንደን ቢሆን ሰው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይቀይራል። እዚህ ሌላ የለም። ሱቁ አንድ ነው፣ ትምህርት ቤቱ አንድ ነው፣ ኦርጋን የሚመታውም አንድ ነው። እሱ ከሄደ መዝሙሩም ይቀራል።

"እሳቸው እንዲህ አያደርጉም" የሚለው ዓረፍተ ነገር በዚህ ሁኔታ ውስጥ ከማንኛውም ማስረጃ በላይ ጉልበት አለው። ለዚህ ነው ደንቡ ውሳኔውን ከመንደሩ አውጥቶ ሀገረ ስብከት ላለ ባለሙያ የሚሰጠው። ያ ባለሙያ ተቀጣሪ ነው። ኦርጋን መቺውን አያውቀውም፤ ሐሙስ ሻይ የለውም። አጥቢያዋ የምትጠየቀው እንድትፈርድ አይደለም። እንድታስተላልፍ ብቻ ነው።

ዲቢኤስ ካለኝ በቂ አይደለም ወይ?

አይደለም። ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዲቢኤስ በ2012 የተቋቋመ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የሰውን የወንጀል መዝገብ አጣርቶ ወረቀት ይሰጣል። አገር ቤት ለሥራ ወይም ለቪዛ ፖሊስ ጋ ሄደን አሻራ ሰጥተን የምናወጣውን ከወንጀል ነፃ ማስረጃ አስቡት። የዲቢኤስ ከፍተኛው ደረጃ ግን ከዚያ ይሰፋል። ፍርድ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ፖሊስ ሊታወቅ ይገባል የሚለውን መረጃ ሊያካትት ይችላል። ሥራው የሚጠይቀው ከሆነ ከልጆች ጋር እንዳይሠሩ የታገዱ ሰዎች ዝርዝርም ይታያል። ለበጎ ፈቃደኛ ለመንግሥት የሚከፈል ክፍያ የለውም። ወረቀቱ በራሱ ማብቂያ ቀን ባይኖረውም ቤተ ክርስቲያኗ በየሦስት ዓመቱ እንዲታደስ ትጠይቃለች።

ንጹሕ ወረቀት የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ሰው እስካሁን አልተያዘም። ጆን ስማይዝ ዕድሜውን ሙሉ የወንጀል ፍርድ አልነበረበትም።

የተገላቢጦሹም ስህተት አለ። አበባ የምታስተካክለዋ አሮጊት ሳትቀር ዲቢኤስ ታምጣ የሚሉ አጥቢያዎች አሉ። ከፍተኛው ምርመራ ሕጉ ለሚፈቅደው የሥራ ዓይነት ብቻ ነው የሚጠየቀው። አበባ ማስተካከል ከዚያ ውስጥ የለም። የልጆች ክፍል የሚመራው ሰው ግን አለ።

ስለዚህ ከወረቀቱ በፊት ሌሎች ነገሮች ይመጣሉ። ለሥራው ማመልከቻ መሙላት፣ ከሚያውቁት ሁለት ሰዎች ምስክርነት ማምጣት፣ ቃለ መጠይቅ፣ ሥልጠና። ከዚያም የዕለት ተዕለቱ ሥርዓት አለ።

ሥርዓቱ በተግባር ምን ይመስላል? የደወል ማማውን እንውጣ

የእንግሊዝ ገጠር ደወል እንደ እኛ በገመድ ተስቦ ደው ደው የሚል ብቻ አይደለም። ደወሉ በትልቅ መንኮራኩር ላይ ታስሮ ሙሉ ዙር ይዞራል። ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመው፣ እያንዳንዱ የራሱን ገመድ ይዞ፣ ቅደም ተከተሉን እየቀያየሩ ይደውላሉ። ደወሉ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ገመዱን በሰዓቱ ያልለቀቀ ልጅ ወደ ላይ ሊነሳ ይችላል።

ስለዚህ ጀማሪ ብቻውን አይተውም። አስተማሪው ፊት ለፊቱ ወይም ጎኑ ተጠግቶ ይቆማል። እጁም ከልጁ እጅ ጋር ገመዱ ላይ ነው። ክፍሉ ያለው ጠመዝማዛ ጠባብ የድንጋይ ደረጃ ከወጡ በኋላ ነው። በሩ ይዘጋል። ድምፁ ከባድ ስለሆነ ውጪ ያለ ሰው ውስጥ የሚባለውን አይሰማም። ለጥቃት የተመቸ ቦታ ሥሩ ብትባሉ ከዚህ የተሻለ አትሠሩም። ግን ደግሞ የብዙ ልጆች ትልቁ ደስታ ነው። እና ምን ይደረግ? ይዘጋ?

አይዘጋም። ልጁ ከመጀመሩ በፊት ወላጅ በጽሑፍ ይፈቅዳል። አስተማሪው የሚፈለገውን ምርመራና ሥልጠና አልፏል። ሁለተኛ አዋቂ ሁልጊዜ ክፍሉ ውስጥ አለ። ወላጅ መጥቶ ልምምዱን እንዲያይ ይጋበዛል፤ ደረጃውን ለመውጣት ጉልበቱ ከፈቀደ። አስተማሪው እጁን ገመዱ ላይ ከማድረጉ በፊት "አሁን ከአንተ ጋር አብሬ እይዛለሁ" ብሎ ይናገራል። ከልምምድ በኋላ ልጁን ብቻውን በመኪና አይሸኝም። ለየግሉም ቴክስት አይልክም፤ መልእክቱ በወላጅ በኩል ወይም በጋራ ግሩፕ ይሄዳል።

ለሌሎች የልጆች ዝግጅቶችም ቁጥር አለ። ከ4 እስከ 8 ዓመት ላሉ ለስድስት ልጅ አንድ አዋቂ፣ ከ9 እስከ 12 ላሉ ለስምንት አንድ። ከዚያ በታች ያሉ ሕፃናት የበለጠ ሰው ይፈልጋሉ። ልጆቹ ሁለት ብቻ ቢሆኑም አዋቂው ሁለት ነው። አሥራ አምስት ሰው በሚመጣበት ቤተ ክርስቲያን ይህ ቀላል አይደለም። አንዳንድ እሑድ ሁለተኛ አዋቂ ስላልተገኘ የልጆች ክፍል ይቀራል፤ ልጆቹ ስብከቱን እያዛጉ ይሰማሉ። ደግ ነው፣ ማዛጋት አይገድልም።

አንድ ልጅ የሆነ ነገር ቢናገርስ?

ጸሎቱ አልቋል። ኩባያ እያጠባችሁ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አጠገባችሁ ቆማ ፎጣውን እየጠመዘዘች "አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን ለማንም አልናገርም በይ" ትላለች።

እንዲህ ያለ ቃል አይገባም። ይህ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። "የምትነግሪኝ ነገር አንቺን የሚጎዳ ከሆነ ሊረዳን ለሚችል ሰው መንገር ሊኖርብኝ ነው" ይባላል። ከዚያ መስማት ነው። መደንገጥ ቢመጣም ፊት ላይ አለማሳየት። "ማን? የት? ስንት ጊዜ?" እያሉ መመርመር የለም፤ ያ የፖሊስ ሥራ ነው። በማይሆን ጥያቄ የልጅን ምስክርነት ማበላሸት ይቻላል። ልጅቷ ስትጨርስ መናገሯ ትክክል እንደሆነና ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ይነገራታል።

ከዚያ ወረቀት ይወጣል። በእሷው ቃል፣ እንደተናገረችው ይጻፋል። እሷ ያለችውን የልጅ ቃል ወደ ጨዋ ቃል መተርጎም አያስፈልግም። ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ ይደረግበታል። ለአጥቢያዋ ኃላፊ ይነገራል። እሷም በ24 ሰዓት ውስጥ ለሀገረ ስብከቱ ባለሙያ ታስተላልፋለች። ልጅቷ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነች ግን ማንም አይጠበቅም፤ 999 ይደወላል። ልጆች ራሳቸው በነፃ የሚደውሉበት ቻይልድላይንም አለ፤ ቁጥሩ 0800 1111 ነው።

በፍጹም የማይደረገው ወደ ተጠርጣሪው ሄዶ "እንዲህ ተብለሃል፣ እውነት ነው?" ማለት ነው። በቅን ልብ የሚደረግ ነው። ማስረጃ የሚጠፋውና ልጅ የሚስፈራራው ግን እንዲህ ሲደረግ ነው።

ለንስሐ አባት የተነገረስ?

የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ምእመን እንደ እኛ የነፍስ አባት የለውም። ኑዛዜው አብዛኛውን ጊዜ በጉባኤ፣ በአንድ ድምፅ፣ ከመጽሐፍ የሚነበብ ነው። የግል ንስሐ ግን ቀርቶ አያውቅም። ቄሱ የሰማውን እንዳያወጣ የሚያዝዘው ሕግ ከ1603 ጀምሮ አለ፤ ዛሬም አልተሻረም።

ቄሱ እጁ ታስሮ አይቀመጥም። ወንጀል ለተናዘዘው ሰው ወደ ፖሊስ ሄደህ ራስህን ስጥ ሊለው ይገባል። እስኪሄድ ድረስ ፍትሐቱን ሊከለክለው ይችላል። ከንስሐ ውጪ፣ ሻይ ላይ ወይም መንገድ ላይ የተነገረ ነገር ደግሞ ምንም ዓይነት የምስጢር ማኅተም የለውም። አጣሪ ቡድኑ በ2022 የመጨረሻ ሪፖርቱ ጥቃትን ማሳወቅ በሕግ ግዴታ ይሁን ሲል ንስሐን ነፃ አላደረገም። ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ግን በዚህ ላይ አንድ ሐሳብ የለም። ከተጎጂዎች መካከል "ማኅተሙ ይነሳ" የሚሉ አሉ፤ "በሚስጥር መናገር ባልችል ኖሮ ጭራሽ ባልተናገርኩ" የሚሉም አሉ።

ልጅ የበደለ ሰው ቤተ ክርስቲያን መግባት ይችላል?

ያቺን መሬት አስታወሳችኋት? በእንግሊዝ ሕግ በአጥቢያዋ የሚኖር ሰው በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኑ በሕዝብ ጸሎት ላይ የመገኘት መብት አለው። እስር ቤት ኖሮ የተመለሰ ሰውም የመሬቷ ነዋሪ ነው። ቄሱ ዝም ብሎ "አትምጣ" ሊለው አይችልም። ቢችልስ? ኃጢአተኛን የሚያባርር ቤተ ክርስቲያን ምን ዓይነት ነው? በሌላ በኩል ግን ከፊት ወንበር የተቀመጠችው ሴት በልጅነቷ እንዲህ ዓይነት ሰው የጎዳት ብትሆንስ?

መልሱ የጽሑፍ ውል ነው። የሀገረ ስብከቱ ባለሙያ፣ ብዙ ጊዜም ፖሊስና የአመክሮ ሠራተኛ ባሉበት፣ ሰውየው ሊያደርስ የሚችለው አደጋ ይመዘናል። ከዚያ ውሉ ይጻፋል፤ ሰውየውም ይፈርማል። ይዘቱ በጣም ተራ ነገር ነው፤ ኃይሉም ተራነቱ ላይ ነው። የሚመጣው ልጆች በሌሉበት በጠዋቱ የቁርባን ጸሎት ነው። የሚቀመጠው ከኋላ፣ በግራ በኩል ነው። አብሮት የሚቀመጥ የተመደበ ሰው አለ። ካለቀ በኋላ ለሻይ አይቆይም። ወደ ደወሉ ማማ አይወጣም። ቁልፍ አይሰጠውም። ከልጅ ጋር አያወራም። የምእመናን ቤት ልጆች ባሉበት ግብዣ አይሄድም። ምንም ዓይነት ሹመት አይዝም። ውሉ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይታያል። ከጣሰው ጉዳዩ ወደ ባለሙያው፣ እንዳስፈላጊነቱም ወደ ፖሊስ ይመለሳል።

ነገሩን ማወቅ ያለባቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ሥራቸው የሚያስገድዳቸው። ለመንደሩ በሙሉ አይታወጅም።

"ንስሐ ገብቷል፣ ይቅር ተብሏል፣ ታዲያ ውሉ ምን ያደርጋል?" የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። መልሱን ከራሳችን ቤት እንውሰድ። ከሰበካ ጉባኤ ገንዘብ ያጎደለ ሰው ንስሐ ቢገባ ይፈታል። ይቆርባል። በማግስቱ ግን ገንዘብ ያዥ አይደረግም። አባቶቻችን ይህን ለመለየት ኮርስ አላስፈለጋቸውም።

እኛን ምን አገባን?

በለንደንና በሌሎች ከተሞች ያሉ የሐበሻ ጉባኤዎች፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም፣ የራሳቸው ሕንፃ እስኪኖራቸው ድረስ ብዙ ጊዜ የሚያመልኩት ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በተከራዩት ወይም በተፈቀደላቸው ሕንፃ ነው። ቅዳሜ ለቅዳሜ የልጆች የአማርኛ ትምህርትም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይሰጣል። በጎ አድራጎት ድርጅት ሆኖ የተመዘገበ ጉባኤ ደግሞ አባላቱን ከጉዳት የመጠበቅ ግዴታው የራሱ ነው። "አከራያችን ያውቃል" ማለት አያዋጣም።

አዳራሹን ስትከራዩ የምትፈርሙት ቅጽ የሴፍጋርዲንግ ደንባችሁን ይጠይቃል። ከሥሩም አንድ ባዶ መስመር አለ፦ የናንተ ኃላፊ ማን ነው? ብዙ ጊዜ እስክሪብቶ የሚቸኩለው የአባን ስም ለመጻፍ ነው። ያለ ነገር ነው፤ የምናውቃቸው፣ የምናከብራቸው እሳቸው ናቸው፣ ስልካቸውም ሁሉም ጋ አለ። መስመሩ የሚጠይቀው ግን ቅሬታው በአባ ላይ የሆነ ዕለት እናቲቱ ለማን እንደምትደውል ነው።